እግር ዝም ሲል

አክስቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች 12 ዓመት አልፏታል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱን ዓመት ሌሊት ሌሊት እግሯ እንቅልፍ ነስቷታል። ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ትገፋለች፤ አንሶላው ራሱ ሲነካት ያማታል፤ አንዳንዴም ተነስታ በባዶ እግሯ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ትቆማለች። «ጉንዳን ይወረኛል» ትላለች፤ «በርበሬ የነሰነሱብኝ ይመስለኛል» ትላለች። ባለፈው ዓመት ግን ማቃጠሉ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» አለች። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እኔም አብሬ ተመስገን አልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እሑድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ልጇ ካልሲዋ ላይ ደም አየች። የጫማውን ሶል ዘልቆ የገባ ትንሽ ምስማር ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ቤት ድረስ ምስማሩን እየረገጠች ነው የመጣችው። ምንም አልተሰማትም።

ማቃጠሉ የጠፋው እግሯ ስለዳነ አልነበረም። ነርቩ ከመጮህ አልፎ ዝም ስላለ ነው። በቤትዎ የስኳር ሕመም ያለበት አባት፣ እናት ወይም የትዳር ጓደኛ ካለ፣ ወይም ሕመሙ የእርስዎ ከሆነ፣ ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ዝምታ ነው።

ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ አድርገው ያስቡት። ከሰውነታችን ነርቮች ሁሉ ረጅሞቹ ከወገብ ተነስተው እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚወርዱት ናቸው፤ በአዋቂ ሰው ላይ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮቹንም፣ እነሱን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ረጅሙ ገመድ ቀድሞ ይበላሻል። ለዚህ ነው ችግሩ ከጣት ጫፍ የሚጀምረውና እንደ ካልሲ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄደው፤ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል የሚይዘው። አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከወገብ እየወረደ የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ።

የተጎዳ ነርቭ መጀመሪያ ላይ የተሳሳተ መልእክት ሊልክ ይችላል። ማቃጠሉ፣ መውረሩ፣ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘሩ ይህ ነው። እየባሰ ሲሄድ ግን መልእክት መላኩን ያቆማል። ደግሞ ሁሉም ሰው በማቃጠሉ በኩል አያልፍም። የነርቭ ጉዳት ካለባቸው የስኳር ታማሚዎች እስከ ግማሽ የሚሆኑት ምንም ዓይነት ሕመም ሳይሰማቸው በቀጥታ ወደ ዝምታው ሊገቡ ይችላሉ። «እኔ እግሬን አሞኝ አያውቅም» የሚል የስኳር ታማሚ ሲያጋጥመኝ አሁን ደስ አይለኝም፤ መጀመሪያ እግሩን ማየት እፈልጋለሁ።

ሕመም የማይሰማው እግር ምን እንደሚደርስበት ዓለም የተማረው ከስኳር ሕመም ሳይሆን ከሥጋ ደዌ ነው። ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በደቡብ ሕንድ ቬሎር ውስጥ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ያክም ነበር። በዚያ ዘመን የታማሚዎቹን ጣት በሽታው ራሱ በልቶ የሚጨርሰው ይመስል ነበር። ብራንድ ቀርቦ ሲያጠና ያገኘው ሌላ ነው፤ ጣቶቹ የሚጎዱት ሕመም ስለማይሰማቸው ነበር። ታማሚው የጋለ ድስት ያነሳል፣ ምስማር ይረግጣል፣ ቁስሉን ረስቶ ይሠራበታል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ጣት በአንድ ሌሊት ጎድሎ ይገኝ ነበር። ተጠብቆ ሲታይ ተኝተው ሳሉ አይጥ እየበላቸው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ ድመት ይሰጣቸው ጀመር።

ብራንድ በኋላ አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል በሚባል ቦታ ሲሠራ ይህንኑ እውቀት ወደ ስኳር ታማሚዎች እግር አመጣው። ካስተማራቸው ነገሮች እኔን በጣም የገረመኝ ስለ አረማመድ ያለው ነው። ጤነኛ ሰው ጫማው ትንሽ ሲቆረቁረው ሳያስበው እርምጃውን ይለውጣል፤ በጎን ይረግጣል፣ ያነክሳል፣ ቁጭ ይላል። ስሜት የሌለው እግር ግን ሺህ ጊዜ በዚያችው ነጥብ ላይ ይረግጣል። ምስማር አያስፈልግም። የካልሲ ስፌት፣ በጫማ ውስጥ የቀረች ጠጠር ወይም ጠባብ የጫማ አፍንጫ ይበቃል። ቆዳው ይደድራል፣ ከሥሩ ደም ይቋጥራል፣ ከዚያ ይቆስላል። ስኳሩ ከፍ ያለ ከሆነና የደም ዝውውሩም ከደከመ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ኢንፌክሽን ወደ አጥንት ይዘልቃል። እግር የሚቆረጥባቸው ብዙዎቹ ታሪኮች መነሻቸው እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት።

እንግዲህ ነርቩ ካልነገረን ሌላ ነገር ሊነግረን ይገባል። ይህ ሌላ ነገር የቤተሰብ ዓይንና ጣት ነው።

ማቃጠሉ የቀነሰው ስኳሩ ስለተስተካከለ ወይም መድኃኒት ስለተጀመረ ሊሆንም ይችላል። ከዝምታው ለመለየት በቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፍተሻ አለ፤ ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያዘጋጁት ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ታማሚው ካልሲውን አውልቆ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍን። እርስዎ በሌባ ጣትዎ ጫፍ የእግሩን ጣቶች ጫፍ አንድ በአንድ ይንኩ፤ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ የቀኝ መካከለኛ፣ የግራ መካከለኛ። በድምሩ 6 ናቸው። ንክኪው እንደ ላባ የቀለለና ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ይሁን። እንዳይጫኑ፣ እንዳይጎነትሉ፣ እንዳይኮረኩሩ። ታማሚው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። ያልተሰማውን ደግመው አይንኩ፤ መድገም ማጭበርበር ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት አጥቷልና በቅርብ ቀን ሐኪም ያሳዩት።

አክስቴን የፈተነቻት የ9 ዓመት የልጅ ልጇ ናት። አክስቴ እስክትነካ ስትጠብቅ ቆይታ «ምነው፣ አትጀምሪም እንዴ?» አለች። ልጅቷ አራቱን ነክታ ጨርሳ ነበር።

በጤና ተቋም ደግሞ ሐኪሙ በ10 ግራም ጫና የሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግር ላይ ይነካል፤ በሚንዘር ሹካ መሰል ብረትም አውራ ጣት ላይ ንዝረት ይሰማ እንደሆነ ያያል፤ በእግር ላይ ያለውን የደም ሥር ትርታ ይዳስሳል። ይህ ምርመራ ለማንኛውም የስኳር ታማሚ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊደረግለት ይገባል። ስሜቱ የጠፋ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ።

አሁን ወደ ማታው ሥራ እንምጣ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዜናው በፊት ወይም ከእራት በኋላ የተወሰነ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ታማሚዎች ዕድሜያቸው ስለገፋ ወይም ዓይናቸው ስለደከመ ውስጥ እግራቸውን ራሳቸው ማየት አይችሉም። ስለዚህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሞባይል መብራት አብርቶ ይይላቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ትንሽ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው እግራቸውን ከላይ ይዘርጉ፤ ወይም ውስጥ እግራቸውን ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩት። የሚፈለገው ቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ የተረከዝ ንቃቃት፣ በጣቶች መካከል የረጠበና የነጣ ቆዳ፣ መሐሉ የጠቆረ የደደረ ቆዳ ነው። ከዚያ በእጅዎ ጀርባ ሁለቱን እግሮች ይዳስሱ። አንዱ ከሌላው ለየት ብሎ የሚሞቅ ከሆነ ልብ ይበሉ፤ ሕመም መናገር ሲያቆም ሙቀት ይናገራል።

ስለ ማጠብ የምለው ብዙዎችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። እናት እግሬን በረደኝ ወይም ደነዘዘኝ ስትል ልጅ ሞቅ ያለ ውሃ በጨው በሳፋ አቅርባ ትዘፈዝፍላታለች። ደግነቷ ይገባኛል። ነገር ግን ስሜት ለሌለው እግር ከዚህ የበለጠ አደገኛ ደግነት አላውቅም። ውሃው የሚያቃጥል መሆኑን እናት አታውቅም፤ ልጅም እናት ዝም ስላለች ልክ ነው ብላ ታስባለች። በማግስቱ ቆዳው ተላጦ ይገኛል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱንም በክርን እንጂ በእግር አይለኩ፤ ሳይዘፈዝፉ ታጥበው ይውጡ። በተለይ በጣቶች መካከል በደንብ ያድርቁ። ነርቩ ሲጎዳ እግር ላብ ማውጣት ስለሚያቆም ቆዳው ይደርቃልና ቫዝሊን ከላይም ከታችም ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። ሂተር፣ የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ ቡና ሲፈላ ከሰል አጠገብ የተዘረጋ እግር፣ ሁሉም በዚሁ ምክንያት ይራቁ። ቡናውን አይተዉ፤ እግርዎን ብቻ ሰብስቡት፣ ፍም ሊፈናጠር ይችላል።

የደደረ ቆዳን በምላጭ መላጥ፣ በፋርማሲ የሚሸጠውን ቆዳ የሚበላ ፕላስተር መለጠፍ አይገባም። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ እንጂ ጎን ጎኑ አይቦርቦር።

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ። የነርቭ ጉዳት የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች ስለሚያደክም ጣቶች እንደ ጥፍር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ የድሮው ጫማ የድሮውን እግር ነበር የሚያውቀው። አዲስ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ እግር በቀን ያብጣል። አፍንጫው ሰፊና ጥልቅ፣ በማሰሪያ ወይም በሚጣበቅ ክር የሚላላና የሚጠብቅ፣ ውስጡ ጎላ ያለ ስፌት የሌለው፣ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ያለው ይሁን። «ሲለምድ ይሰፋል» የሚለውን የሻጭ ቃል ለሌላ ሰው ይተዉለት። ጥሩ ዘዴ ልንገርዎ፤ ቤት ውስጥ ቆመው እግርዎን በካርቶን ላይ ያስነድፉ፣ ይቁረጡትና ሊገዙ ያሰቡት ጫማ ውስጥ ያስገቡት። ካርቶኑ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ጫማ ለሚልኩ ልጆችም ቁጥር ብቻ ከመናገር ይልቅ የካርቶኑን ርዝመትና ስፋት በሳንቲ ሜትር መላክ ይሻላል፤ በግምት የመጣ ስጦታ ስንት እግር እንዳቆሰለ። አዲሱን ጫማ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ብቻ አድርገው አውልቀው እግርዎን ይዩ። ማንኛውንም ጫማ ከማድረግዎ በፊት ደግሞ ገልብጠው ያራግፉ፣ እጅዎን አስገብተው ይዳስሱ። ካልሲ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ቢሆን ደሙ ወይም ፈሳሹ ቶሎ ይታያል፤ አክስቴን ያተረፋት ነጭ ካልሲዋ ነው።

ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር መሄድ ይቅር። ጫማ ወደሚወለቅበት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲሄዱ ወፍራም ንጹህ ካልሲ ይልበሱ፤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ እንዳይቆሙ ጫማዎን እስከ በሩ ድረስ አያውልቁ። ውዱእ የሚያደርጉ በቀን አምስት ጊዜ እግር ያጥባሉና በጣቶች መካከል የሚያደርቁበት ትንሽ ፎጣ ይያዙ። ጸበል የሚሄዱም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ጫማቸውንም እንዳይተዉ።

የሚያቃጥለው እግርስ? መድኃኒት አለው። ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ያዝዛሉ። የሚጀመሩት በአነስተኛ መጠን ነው፤ ውጤታቸው እስኪታይ ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ እንቅልፍና መፍዘዝ ያመጣሉ። አሚትሪፕቲሊን በተለይ የልብ፣ የፕሮስቴት ወይም የግላኮማ ችግር ላለባቸው አረጋውያን ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም። ሁሉም ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ ነርቩን አይጠግኑም። ዲክሎፌናክ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ኩላሊትን ግን ይጎዳል። ጉዳቱ እንዳይባስ የሚያደርገው የስኳሩ ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የወጣው ዲ.ሲ.ሲ.ቲ. የተባለው ትልቅ ጥናት ኢንሱሊን የሚወስዱ የዓይነት አንድ ታማሚዎች ስኳራቸውን በጥብቅ ሲቆጣጠሩ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዓይነት ሁለት ላይ ጥቅሙ ያን ያህል ባይጎላም አለ። የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ምርመራ ይጠይቁ፤ ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለአረጋውያን ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የነርቭ ጉዳት ሁሉ ግን ከስኳር አይመጣም። የአልኮል ብዛት፣ የኩላሊት ድካም፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ሊያመጡት ይችላሉ፤ አይሶናያዚድ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር የሚሰጠው ለዚህ ነው። እኛ ቤት በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ሜትፎርሚን የሚወስድና አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው እግሩን ሲያቃጥለው የቢ12 ምርመራ ይጠይቅ፤ ጉድለቱ ከተገኘ የሚታከም ነው። ሳይመረመሩ ፋርማሲ ገብቶ «የነርቭ መርፌ» መወጋት ግን ልማድ ሆኖብናል። ጉድለት ለሌለበት ሰው ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ቢ6 ሲበዛ ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በቴሌግራም «ነርቭን በ15 ቀን የሚያድስ» እየተባለ ስለሚሸጠው ብናኝ ገንዘብዎን ለጫማ ያውሉት ከማለት በቀር የምለው የለኝም።

ቁስል ካዩ ሳያም ስለቆየ ቀላል ነው አይበሉ። በንጹህ ውሃ ያጥቡት፣ በንጹህ ጋዝ ይሸፍኑት፣ እግሩ እንዳይረገጥበት ያድርጉ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይደረግበትም። የጠቆረ ወይም የሰማያዊ ቀለም የያዘ ጣት፣ መጥፎ ሽታ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቅላት፣ ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ። ቁስል ሳይኖር አንድ እግር በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሞቆ ከተገኘም እንዲሁ ነው። ሻርኮ የሚባል የአጥንት መሰባበር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ሪህ ወይም እንደ ወለምታ ተቆጥሮ ይታለፋል፤ ወደ ወጌሻ አይወስዱት። ሐኪም እስኪያየው ድረስ በእግሩ መቆም የለበትም።

የአክስቴ ቁስል ለመዳን ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሶፋ ላይ እግሯን ሰቅላ አሳለፈችው። አሁን በየወሩ ቀጠሮዋ ላይ አንድ ነገር ታደርጋለች፤ እርስዎም ቢያደርጉት መልካም ነው። በስኳር ክሊኒክ ሰው ይበዛል፤ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ፣ መድኃኒት ጽፎ፣ የሚቀጥለውን ይጠራል፤ ጫማ አውልቁ የማይባልበት ቀን ብዙ ነው። አክስቴ ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ ገና ወረቀቱ ሳይገለጥ ጫማና ካልሲዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ወደ ፊት ትዘረጋለች። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀን ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየው።